የማይቆመው ደረጃ እና ሰባቱ ስሞች

ስለ ራሴ ከመናገሬ በፊት ስለ አንዲት ዶሮ መናገር ግድ ይለኛል። ዶሮዋ ቀይ ናት፤ ክንፍ አላት፣ መብረር ግን አትችልም፤ ሥራዋ መዝለል ብቻ ነው። የምትኖረው በአንድ የቪዲዮ ጌም ውስጥ ሲሆን፣ ከገደል ወደ ገደል የሚያሻግሯትን ተንቀሳቃሽ መርገጫዎች የሠራሁላት እኔ ነኝ። ጌም ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ፦ ተንቀሳቃሽ መርገጫ ማለት በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ሲቀርብ ተጫዋቹ ዶሮዋን ያዘልላታል፤ ሰሌዳው ተሸክሟት ይሄዳል፤ ማዶ ሲደርስ ዘላ ትወርዳለች። ቸኩሎ ያዘለላት ገደል ይከታታል፤ ዘግይቶ ያዘለላትም እንዲሁ። ከመሰናክሎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። እሾህ ይወጋል፣ አውሬ ያሳድዳል፤ መርገጫው ግን በማንም ላይ ቂም የለውም። በራሱ ሰዓት ይሄዳል፣ በራሱ ሰዓት ይመለሳል።

እኔ ዮናታን እባላለሁ። በዚያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በእስራኤል አገር፣ በአሽዶድ ከተማ ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር ከወላጆቼ ጋር እየኖርኩ በአንድ አነስተኛ የጌም ድርጅት እሠራ ነበር። ባልደረቦቼ በመርገጫዎቼ ላይ አንድ ቅሬታ ነበራቸው። «ዳር ሲደርሱ ለአፍታ እንኳ አይቆሙም፤ ሰው መቼ ይተንፍስ?» ይሉኛል። እኔም በታላቅ ጽሞና «ዓለም ለማን ቆማ ታውቃለች?» ብዬ እመልሳለሁ። እንዲህ ያልኩ ሰው ነበርኩ። አባቴ ፊደል ካስቆጠረኝ ቀን ጀምሮ በእጄ የገባውን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ በጥንት ግሪክ የነበሩትን ሰባት ጠቢባን በቅደም ተከተል መጥራት እችል ነበር፤ በሰርግ ላይ ግን ሰው ሁሉ ትከሻውን ሲሰብቅ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ የምቆም ነበርኩ። የሰፈሬ ልጆች «ፕሮፌሶር» ይሉኝ ነበር። ሚካልን እንደምወዳት የገለጽኩላት ሦስት ነጥቦች ባሉት ንግግር ነው። በሁለተኛው ነጥብ ላይ ሳቀች፤ ሦስተኛውን እስከ ዛሬ አልሰማችውም። ሳቋ ግን «እሺ» ማለት ነበር።

የእርሷ «እሺ» ብቻውን አይበቃም። ከኢትዮጵያ በመጣነው በእኛ በቤተ እስራኤሎች ዘንድ ልጅ የምትጠየቀው በሽማግሌ ነው። ሽማግሎቹ በአባቷ ፊት ቆመው ይለምናሉ፤ «ተቀመጡ» ቢባሉ እንኳ መልስ ሳይሰሙ አይቀመጡም። አባትየውም በመጀመሪያው ቀን አይፈቅድም፤ «እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ብሎ ይሸኛል፤ ልጁን ቶሎ የሰጠ ልጁን ያቀለለ ይመስላልና። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዘር ይቆጠራል። እስከ ሰባት ቤት ድረስ በሁለቱ ወገን አንድ የጋራ አያት ከተገኘ ጋብቻ የለም፤ ባለ ሦስት ነጥብ ንግግርም አያድነውም።

የእናቶቻችንን ወገን ሴቶቹ አስቀድመው ቆጥረው አጥርተውት ነበር። የአባቶቻችን ወገን ቀረ። የሚካል አባት አቶ ጌጡ ጥብቅ ሰው ናቸው፤ «እሱን ከታላቅ አፍ በጆሮዬ ካልሰማሁ አልቀበልም» አሉ። በእኛ ቤት ደግሞ ሰባቱን አያቶች ሳያዛንፍ የሚጠራ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የአያቴ ታናሽ ወንድም አባ ፈረደ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ከወገራ ተነሥተው ሱዳን ድረስ በእግራቸው የተጓዙ፣ አሁን ግን ጉልበታቸው ሦስት ደረጃ እንኳ የማያስወጣቸው ሰው። አብረዋቸው እንዲሄዱ ሁለት ሰዎች ተመረጡ፦ ከወደብ ሥራ ጡረታ የወጡት ቀልደኛው አቶ አድማሱ፣ እና የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው አጎቴ ብርሃኑ።

ቀኑ ዓርብ ሆነ። የአቶ ጌጡ ቤት ሮቫ ዩድ በሚባል ሌላ ሰፈር ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን ቧንቧ ፈንድቶባቸው የቤቱ ወለል ተነቅሎ ስለነበር፣ በአንድ የገበያ ማዕከል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ትንሽ አዳራሽ ያዙ። ማታ ሰንበት ሳይገባ ነገሩ ሁሉ ማለቅ ነበረበት። አግቢው ሽማግሎቹ በሄዱበት መታየት ነውር ነውና፣ እኔ ከገበያ ማዕከሉ ውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጬ የዶሮዋን መርገጫዎች በታብሌት ላይ አስተካክል ነበር። ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ብርሃኑ ነበር።

«ዮናታን፣ ቶሎ ና!»

«አጎቴ፣ በዚህ ሰዓት እዚያ መገኘቴ ከሥርዓት ውጭ መሆኑን ያውቃሉ።»

«ሥርዓቱን ተወው! ማዓሊቷ ተበላሽታለች፤ አባ ፈረደ ሯጩ ደረጃ ላይ አልወጣም ብለው ቆመዋል፤ ታላቅ ሳይወጣ እኛ ቀድመን መውጣት አንችል። እዚሁ ተቸንክረናል!»

ታብሌቱን እንደያዝኩ ሮጬ ገባሁ። አጎቴ በዕብራይስጥ ማዓሊት ባለው አሳንሰር በር ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ አንዱ ወደ ላይ የሚወጣ፣ አንዱ ወደ ታች የሚወርድ ሁለት ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ጎን ለጎን ይሮጣሉ። ከሚወጣው ፊት ለፊት አባ ፈረደ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ በትራቸውን እንደያዙ፣ ተቀናቃኛቸውን እንደሚመለከት ተሟጋች ቆመዋል።

«አባ፣ እንደምን ዋሉ?» አልኳቸው።

«እኔማ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይሄ ነው ያበደ።»

«አሁን ያቺ ሕፃን እንኳ ወጣችበት!» አለ አጎቴ።

«ሕፃን ምን ትሆናለች? ብትወድቅም ለመሬቱ ቅርብ ናት።»

አቶ አድማሱ ሳቃቸውን እየዋጡ «ሱዳንን በእግሩ ያቋረጠ ሰው የካንዮን ደረጃ ይፈራል?» አሏቸው። ካንዮን የሚሉት የገበያ ማዕከሉን ነው።

«ሱዳን እኮ አይንቀሳቀስም ነበር! የተንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ!»

«አውሮፕላኑስ ታዲያ?»

«አውሮፕላኑ ቆሞ ጠብቆ ነው ያሳፈረኝ። ይሄ ግን ለማንም አይቆምም።»

ይህን ሲሉ ወደ እኔ አልተመለከቱም፤ እኔን ግን ነካኝ። ለባልደረቦቼ በኩራት የምሰጠው መልስ ከእርሳቸው አፍ ክስ ሆኖ ወጣ።

የሚቻለውን ሁሉ ሞከርን። የማዕከሉን ጠባቂ ደረጃውን እንዲያቆምልን ለመንነው፤ ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ አቆመው። የቆመ ደረጃ ግን እንደማንኛውም ደረጃ ነው፤ የአባ ፈረደ ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይወጣም። «እንግዲያው ላዩ ላይ ይቁሙና አስነሣው» አልኩት። «ሰው ቆሞበት ማስነሣት ክልክል ነው» አለና መልሶ አስሮጠው። አጎቴ «በወንበር ተሸክመን እናውጣዎ» ቢላቸው ተቆጡ።

«ቆሜ ልለምን መጥቼ ተሸክማችሁ ልታስገቡኝ? ጌጡ ሬሳ መጣ ይላል!»

«በሴደር፣ በሴደር፣ እሺ! ታዲያ ሰባቱን ስም በስልክ ይንገሯቸው።»

«በስልክ? ልጅ የምትጠየቀው እንደ ፒዛ ነው?»

አቶ ጌጡን ወደ ታች መጥራት ደግሞ አይታሰብም፤ ለማኝ ነው ወደ ደጅ የሚሄደው። መመለስም አይቻልም፤ ከደጅ የተመለሰ ሽማግሌ ሁለተኛ ለዚያው ጉዳይ አይላክም። በዚህ መካከል ስልኬ ላይ የሚካል መልእክት መጣ፦ «አባቴ ሰዓቱን ሦስተኛ ጊዜ አየ። የት ናቸው?»

ያን ጊዜ በብብቴ ያለው ታብሌት ትዝ አለኝ። ሕይወቴ በሙሉ የተንጠለጠለው አንድ ሰው በተንቀሳቃሽ መርገጫ ላይ በመውጣቱ ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ተንቀሳቃሽ መርገጫ ካልሆነ ስለ ምን አውቃለሁ?

«አባ፣ እስቲ እዚህች አግዳሚ ላይ አረፍ ይበሉ። አንዲት ዶሮ ላሳይዎት።»

«በዚህ ሰዓት ዶሮ?»

«በዚህ ሰዓት ዶሮ።»

ተቀመጡ፤ ሁለቱ ሽማግሎች ከኋላ አጎነበሱ። ዶሮዋ በገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ክንፏን ታራግባለች፤ መርገጫው ከማዶ ይመጣል፣ ይመለሳል። በጣታቸው ከነኳት እንደምትዘልል አሳየኋቸው። ነኳት። ዶሮዋ ባዶ አየር ላይ ዘለለችና «ቋ!» ብላ ገደል ገባች።

«ኧረ ገደልኳት!»

«አልሞተችም፤ ይኸው ተመለሰች።»

«ስንት ነፍስ ነው ያላት?»

«ማለቂያ የላትም።»

«እንግዲያው ትዝለል። እኔ ያለኝ አንድ ነው።»

አራት ጊዜ ወደቀች። አምስተኛው ላይ አቶ አድማሱ «አንተ ሰው፣ የሰው ዶሮ ነው እኮ፣ ቀስ በል!» ሲሉ አባ ፈረደ በትራቸውን አነሡባቸው። እኔም በመምህርነት ድምፅ አስረዳሁ፦ «አባ፣ ሰሌዳውን አያሳድዱት። ምት አለው፤ ምቱን ይቁጠሩ። ሄዶ እስኪመለስ እኩል ጊዜ ነው የሚወስድበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»

«በቁጥር አላምንም» አሉ። «ቁጥር ማንም ይቆጥራል።» ከዚያ ዐይናቸውን ከመርገጫው ሳይነቅሉ፣ ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው በዝግታ ጀመሩ፦ «ዮናታን… ደሳለኝ… አየለ… ውቤ… ይርጋ… ቸኮል… ጎሹ፤ በይ ዝለይ!»

ዶሮዋ መርገጫው መሐል ላይ አረፈች።

አንባቢ ሆይ፣ ያንን መርገጫ ስሠራ ፍጥነቱን ለሦስት ሳምንት ያህል አስተካክያለሁ። ሄዶ የሚመለስበት ጊዜ ግን በአባ ፈረደ አንደበት ልክ ሰባት ትውልድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ደግመው ቆጠሩ፤ ዶሮዋ ሁለተኛውን ሰሌዳ ረገጠች። ሦስተኛውን። አራተኛውን። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» እያሉ ያወድሷታል። አጎቴ «አሁን የኔ ተራ ነው» ብሎ ታብሌቱን ሊወስድ ሲሞክር እጁን መቱት። አቶ አድማሱ «ግራው! በግራ ነው የሚመጣው!» እያሉ ይጮኻሉ። የሕፃን ጋሪ የሚገፉ ሴቶች ቆመው አዩን። ጠባቂው መጥቶ በአባ ፈረደ ትከሻ ላይ አጎነበሰና በዕብራይስጥ «አሁን! አሁን!» ማለት ጀመረ። እኔም፣ እጄን ወደ ኋላ የማጣምረው ሰው፣ አግዳሚው ላይ ወጥቼ እጨበጭብ ነበር። ጋብቻዬን ፈጽሞ ረስቼ ነበር።

ስልኬ ነዘረ። «አባቴ ከላይ ሆኖ አያቸው፤ አንተን ግን ገና አልለየህም። ‹ሽማግሎቹ ዶሮ ያጫውታሉ› አለ። ጃኬቱን ለብሷል። እየሄደ ነው!!!»

መልእክቱን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ዶሮዋ «ቋ!» ብላ ወደቀች። አባ ፈረደ ታብሌቱን መልሰው ሰጡኝና በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ወደሚወጣው ደረጃ ሄዱ። እኔ በቅርብ ካለ መደብር ደጅ ላይ ከተከመሩ ፍራሾች ጀርባ ተወሸቅኩ፤ አቶ ጌጡ ያዩኝ እንደሆነ ጉዳዩ ከነጭራሹ ያበቃል።

«ዮናታን… ደሳለኝ… አየለ… ውቤ…» ከእግራቸው በታች ደረጃዎቹ እየተወለዱ ይሄዳሉ። «ይርጋ… ቸኮል… ጎሹ!» ረገጡ። ጋቢያቸው ተንቀጠቀጠ፣ መደገፊያውን ጨበጡ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ደረጃውም እንደ መርገጫዬ ያለ ቂም ተሸክሟቸው ወጣ። ሁለቱ ከኋላቸው ዘለው ገቡ። አባ ፈረደ ዐይናቸውን እንደጨፈኑ ከፍርሃት የተነሣ ቆጠራውን ከመጀመሪያው በከፍተኛ ድምፅ ደገሙት።

በዚያው ቅጽበት አቶ ጌጡ በሚወርደው ደረጃ ላይ ብቅ አሉ። ፊታቸው የሐምሌ ሰማይ መስሏል።

«አባ ፈረደ! ልጄን ልትጠይቁ ነው የመጣችሁ ወይስ ዶሮ ልታሳድጉ…»

«ዮናታን…» አሉ አባ ፈረደ፣ ምንም ሳይሰሙ።

አቶ ጌጡ አፋቸውን ዘጉ። የዘር ቆጠራ አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥም፤ የሰማ ወገን የራሱን መቁጠር አለበት። ቁጣቸው በፊታቸው ላይ እንዳለ፣ ምላሳቸው ከፈቃዳቸው ውጭ ተነሣ። አንደኛው እየወጡ፣ ሌላኛው እየወረዱ ይቀራረባሉ፤ አንዱ ስም ሲጠራ ሌላው ይከተላል።

«ደሳለኝ…»

«ሚካል…»

«አየለ…»

«ጌጡ…»

«ውቤ…»

«መኮንን…»

ልክ ትከሻ ለትከሻ ሲደርሱ ሁለቱም በአንድ አፍ «ይርጋ» አሉ።

አባ ፈረደ ዐይናቸውን ገለጡ። አቶ ጌጡ መደገፊያውን ለቀቁ። አንድ ይርጋ ከሆነ ሚካል ዘመዴ ናት፤ ነገሩም እዚያው አለቀ።

«የትኛው ይርጋ?» ብለው ሁለቱም ጮኹ፤ በዚያው ሰዓት ከጣሪያው የድምፅ ማጉያ ሁለት እሽግ የሕፃን ዳይፐር ለገዛ አንድ በነጻ የሚሰጥ መሆኑ ለሕዝብ ታወጀ። ማንም ማንንም አልሰማም። ሁለቱ አዛውንት አንገታቸውን ወደ ኋላ እንደጠመዘዙ ተራራቁ።

ያን ጊዜ አንድ አስፈሪ ነገር ተገለጠልኝ። አባ ፈረደን እንዴት እንደሚወጡ አስተምሬአቸዋለሁ፤ እንዴት እንደሚወርዱ ግን አላስተማርኳቸውም! መደበቄን ረስቼ ከፍራሹ ጀርባ ዘለልኩ።

«አባ! ጫፉ ደርሷል! መውረድ አለ!»

«ምን?»

«እንደ ዶሮዋ!»

ጉልበታቸው ሦስት ደረጃ የማያስወጣቸው የሰማንያ ዓመት ሰው በሁለት እግራቸው አንዴ እንጣጥ አሉ። አረፉ። ቀጥ ብለው ቆሙ። የአንድ መደብር ሠራተኞች አጨበጨቡ።

እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነበረ። አቶ ጌጡ ታች ደርሰው ከፊቴ ቆመዋል።

«ዮናታን።»

«ክቡር አቶ ጌጡ፣ እዚህ መገኘቴ ከልማድ ውጭ መሆኑን በሚገባ…»

«እሱን ተወው። ይርጋ የማን ልጅ ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ በአእምሮዬ ተሰልፈው አለፉ፤ ሰባቱ የግሪክ ጠቢባንም በቅደም ተከተላቸው አለፉ። ከአግዳሚው ላይ ያንን ቆጠራ ሃያ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮዬ ግን የሰማው ምቱን ብቻ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ።

«ከራስህ ጀምሮ ስንት ታውቃለህ?»

«አራት።»

«አራት!» አሉ፤ በሐዘን እንጂ በቁጣ አልነበረም። «መጽሐፍ ያላነበበው የለም ይሉሃል። የራስህን ግን ሽፋኑን አይተህ አስቀመጥከው።» ከዚያም ጃኬታቸውን ቆልፈው ወደሚወጣው ደረጃ ገቡ።

ቀና ብዬ ሳይ አባ ፈረደ በሚወርደው ላይ ነበሩ! «እኔ ነኝ ለማኙ፤ እሱ ወደ እኔ ሊመጣ አይገባም» ብለው፣ ሁለቱን አስከትለው ቆጥረው ገብተዋል። ደግመው ተቀራረቡ። በዚህ ጊዜ አቶ ጌጡ ሩቅ ሳሉ ጀመሩ።

«ይርጋ ማን?»

«ይርጋ ቸኮል! የወገራው! ሸማኔው!»

«የኔ ይርጋ ተሰማ ነው! የጃናሞራው አንጥረኛ!»

«ከተሰማ ወዲያ?»

«ክንፉ! ከክንፉ ብሩ! የእናንተስ ከቸኮል ወዲያ?»

«ጎሹ!»

ትከሻ ለትከሻ ሲያልፉ ጣታቸውን አጥፈው ይቆጥሩ ነበር። ሰባት በዚህ፣ ሰባት በዚያ፤ ከስሙ በቀር አንድም የተገናኘ የለም። አቶ አድማሱ ከኋላ ሆነው፣ ለወንድ ያልተለመደ መሆኑን ረስተው፣ እልል አሉ። ጠባቂው ምን እንደሆነ ባያውቅም እርሱም እልል ለማለት ሞከረ።

አሁን አቶ ጌጡ ላይ ናቸው፤ አባ ፈረደ ታች። አባ ፈረደ ወደ እኔ ሳይመለከቱ ዞሩና ወደሚወጣው ደረጃ ሄዱ። አቶ ጌጡ ከላይ «እንግዲህ አልወርድም አባ፤ እዚሁ እጠብቅዎታለሁ» ብለው ጮኹ። አባ ፈረደ ሰባቱን ስም በከንፈራቸው ብቻ ቆጥረው ረገጡ። ሁለቱ ተከተሏቸው። በዚህ ጊዜ ዐይናቸውን አልጨፈኑም። ደረጃው እየወሰዳቸው፣ በትራቸውን ከፊታቸው ተክለው፣ ልመናውን ጀመሩ።

«ልጄ ጌጡ፣ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምን፤ ይኸው ቆመናል። ልጅህን ለልጃችን፣ ስምህን ለስማችን፣ ብለን መጥተናል።»

«እግዚአብሔር ያክብርዎ አባ» አሉ አቶ ጌጡ፣ በልማድ እንደሚባለው። «ነገሩ መልካም ነው፤ ከቤተ ዘመድ ጋር ተመካክረንበት በሚቀጥለው ሳምንት…»

«መልስ ሳልሰማ እግሬን አላነሣም።»

«አባ፣ ደረጃው እያለቀ ነው።»

«አይቻለሁ።»

«ይወድቃሉ እኮ!»

«እወድቃለሁ።»

«አባ ፈረደ፣ ይህ ልማድ አይደለም!»

«ልማድማ ቢሆን ደረጃው ይቆም ነበር። ዮናታን… ደሳለኝ… አየለ… ውቤ…»

«ሰጥቻለሁ!» ሲሉ የአቶ ጌጡ ድምፅ ሁለቱን ፎቅ ሞላ። «ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ! እግርዎን ያንሡ!»

እንጣጥ።

ከአቶ ጌጡ ጀርባ ሚካል ግድግዳ ተደግፋ በሳቅ ወደ መሬት ስትንሸራተት አየሁ። አቶ ጌጡ የአባ ፈረደን ክንድ ይዘው ላባቸውን ሲጠርጉ፣ የተናገሩት ነገር ቀስ በቀስ ገባቸው። ወደ አባ ፈረደ አዩ። «አንቱ ሰው፣ አስገደዱኝ እኮ» አሉ። አባ ፈረደም «እኔ? እኔ ምን አደረግሁ? ቆሜ ነበር» አሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ያ ዓርብ ሁለት ነገር አድርጎብኛል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ገብቼ መርገጫዎቼ በየዳሩ ለጥቂት ጊዜ እንዲቆሙ አደረግሁ። ባልደረቦቼ «ምን ነካህ?» ሲሉኝ፣ አንድ የሰማንያ ዓመት ሰው ተቃውሞ እንዳቀረቡ ነገርኳቸው። ምዕራፉ ቀለለ ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ፤ ይጉረምርሙ። መሰናክል ሰውን ገደል ለመክተት ብቻ ሳይሆን ለማሻገርም እንደሚሠራ፣ እኔ ራሴ ሠሪው ሆኜ ሳለሁ፣ ያወቅሁት ከፍራሽ ጀርባ ተደብቄ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ወደ አባ ፈረደ ቤት ተመላልሼ ይርጋ የቸኮል፣ ቸኮል የጎሹ ልጅ መሆኑን፣ ይርጋ በሽመናው ምን ያህል የተመሰገነ እንደነበረ፣ ቸኮል ለምን ከወንድሙ ጋር እንደተጣላ ጽፌ ያዝኩ። እናንተም ስማችሁን ይዛችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ እስቲ። ስንተኛው ላይ ቆማችሁ? ካፈራችሁ አይዟችሁ፤ እኔ አራተኛው ላይ ነበርኩ። ሰባተኛውን የሚያውቅ አዛውንት በቤታችሁ ካለ ግን፣ ዛሬውኑ ሂዱ። እርሱ ዳር ላይ ቆሞ አይጠብቃችሁም።

ሰርጋችን በዚያው የገበያ ማዕከል፣ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። አሳንሰሩ ተጠግኖ ነበር። በሩ ተከፍቶ ሲጠብቅ አባ ፈረደና አቶ ጌጡ ሳያዩት አለፉት። ከተንቀሳቃሹ ደረጃ ፊት ደርሰው «ይቅደሙ አባ»፣ «የለም፣ አንተ የልጅቱ አባት ቅደም»፣ «ኧረ በፍጹም!» ሲባባሉ ከኋላቸው መቶ ያህል እንግዳ ተሰለፈ። ማንም ቀድሟቸው አልወጣም። በመጨረሻ ተያያዙና ወደ ሚካል እና ወደ እኔ ዞረው አዩ።

«ቁጠር» አሉኝ አባ ፈረደ።

እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እጄን ወደ ኋላ ሳላጣምር፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ ቆጠርኩ። ሁለቱ አዛውንት በአንድ ደረጃ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ እኩል ረገጡ።